የአያቴ ቤት በእግሩ የሄደበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዮናስ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ ብየዳ ቤት ይዞኝ ሄደ። ዮናስ የመጨረሻው ልጄ ነው። እዚሁ ሀዋሳ፣ ቡሹሎ በኩል ቤት እየሠራ ነው፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ተመቷል፣ የቀረው የግቢው በር ነው።

«እማዬ፣ በሩን አንቺ ምረጪ» አለኝ።

ለምን እንደዚያ እንዳለኝ ይገባኛል። በሩን ከመረጥኩ ቤቱንም የመረጥኩ ይመስለዋል። ከክረምቱ ጀምሮ «ነይ ከእኛ ጋር ኑሪ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ» ይለኛል፤ እኔም «እስቲ እናያለን» እለዋለሁ። አሁን ያለሁበትን ቤት ለምጄዋለሁ። መብራት ቢጠፋ እንኳ ግድግዳ ሳልዳብስ ውሃዬን አገኛለሁ። እንዲህ የለመዱትን ቤት እንዴት ጥለውት ይሄዳሉ?

ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከባጃጅ ወረድን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ደጁ ላይ የተደገፉት ብረቶች ውሃ ያንጠባጥባሉ፣ ከውስጥ በያጁ ብረት እየቆረጠ እሳት ይረጫል። የራሰ ዝገትና የተቆረጠ ብረት ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። ምላስን ሲነክሱ አፍ ውስጥ የሚመጣውን ጣዕም ታውቁት የለ? ያ ጣዕም ሽታ ቢኖረው እንደዚያ ነው የሚሸተው። ቆሜ ቀረሁ።

«እማማ፣ ወንበር ላምጣልዎ?» አለኝ በያጁ፤ የደከመኝ መስሎት።

አልደከመኝም። ሽታው ወስዶኝ ነው። ወደ ቀዩ ተራራ፣ ወደ አያቴ ወደ ገነሜ ቤት።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደሉን የለቀምኩት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ተቀምጬ ጥጥ ስፈትል ነው። ስለዚህ ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ፤ እንደመጣልኝ ነው የማወራው።

ያደግኩት ደጋ ላይ ነው፤ ቀርከሃ በሚበቅልበት፣ ጠዋት ጠዋት ጉም በር ድረስ በሚመጣበት አገር። ከመንደራችን በላይ አንድ ቀይ ተራራ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ከዚያ የሚወርደው ውሃ ቀይ ነው። ሰው ተራራውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር፤ እንሰት በደንብ አይይዝበትም፣ ሣሩም አጭር ነው።

እኔ ሳልወለድ ፈረንጆች መጡና መዶሻ ይዘው ተራራውን እያንኳኩ ዞሩት አሉ። አባቴ ሲያጫውተን «በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነበር የሚያደርጋቸው» ይላል። ተከፈተላቸው መሰለኝ፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ መንገድ ወጥቷል፣ ትልልቅ መኪና መጥቷል፣ ከተራራው ሥር ከተማ በቅሏል። ካምፕ ነበር የምንለው። ቤቶቹ ከታች እስከ ላይ ቆርቆሮ ናቸው፣ በመስመር የቆሙ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የራሴ ቤት ነው ብሎ ገብቶ ቁጭ ካለ በኋላ የማያውቃት ሴት «ምን ፈለግህ?» ስትለው ደንግጦ የሚወጣ ሰው ብዙ ነበር። ክሊኒክ ነበረ። ሳሙናና ሰርዲን የሚሸጥበት ሱቅ ነበረ። የእኛ አገር ልጆች፣ ከወላይታ የመጡ፣ ከጉራጌ የመጡ ነጋዴዎች፣ ከሸዋ የመጡ ሹፌሮች፣ ሁሉም እዚያ ነበር። እኔ አማርኛ የተማርኩት ካምፑ ቧንቧ ላይ ተሰልፌ ነው።

ካምፑን ያቆመው ኩባንያ የሚፈልገው ብረት ነው ይባላል። ይህ ለእኔ አይገባኝም ነበር። ብረት ማለት ማረሻ ነው፣ ቢላዋ ነው፤ ተራራው ግን ድንጋይና አፈር ነው። መኪኖቹ ያንን ቀይ ድንጋይ ጭነው ቁልቁል ሲወርዱ እያየሁ እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። የሆነ ቦታ ተራራ የሌላቸው ሰዎች አሉ፤ የእኛን ወስደው እዚያ ሊተክሉት ነው አልኩ። እኛ እንሰትን ከአንዱ ጓሮ ነቅለን ሌላው ጓሮ እንደምንተክለው። አልከፋኝም። ተራራ የሌላቸው ሰዎች ያሳዝኑኝ ነበር። ጉሙ ምን ላይ ያርፍላቸዋል?

አቧራው ሁሉን አቅልቶት ነበር። ነጭ ዶሮ የሚባል ነገር አልነበረንም። እናቴ የአባቴን ሸሚዝ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ሳይደርቅ መልሶ ይቀላል። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦ ታደሰ እኔን «ቀዮ» የሚለኝ መልኬን አይቶ እንዳይመስላችሁ፤ አቧራዬን አይቶ ነው።

አባቴ ዳንጊሶ ድንጋይ ጫኝ ስለነበር ኩባንያው የቆርቆሮ ቤት ሰጠው። እናቱ ገነሜ ግን አብራን አልገባችም። «ዝናብ ሲመጣ ይጮህብኛል። ሰው በገዛ ቤቱ እየተጮኸበት እንዴት ይተኛል?» አለች። የእሷ ቤት የቀርከሃ ነው። ግድግዳና ጣሪያ ብሎ የሚለይ ነገር የለውም፤ ከመሬት እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሆኖ እንደ ተደፋ ቅርጫት የተሸመነ፣ ከላዩ የቀርከሃ ቅርፊት የለበሰ። በአንዱ ጎን ላሟ ታድራለች፣ በሌላው ገነሜና እኔ። እናቴ ጋ ቀን እውላለሁ፤ ሲመሽ ዳገቱን ወጥቼ ገነሜ ጋ አድራለሁ። ገነሜ በሯ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ገና ከታች ስታየኝ የቡርሳሜውን ገበቴ ታነሳና ታሳየኛለች፤ በቅቤ የታሸ ቆጮ ነው። ያን ጊዜ እሮጣለሁ።

ቀን ላይ ሳይረን ሲጮህ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል፤ ድማሚት ሊፈነዳ ነው። መሬቱ ብድግ ብሎ ይቀመጣል። ካምፑ ውስጥ ቆርቆሮው ሁሉ ይንኳኳል፣ ብርጭቆ ከመደርደሪያ ይወድቃል። የገነሜ ቤት ግን አንድ ጊዜ ሲጥ ይልና ዝም ይላል። «ሳለ» ትላለች ገነሜ፣ ስለ ሽማግሌ እንደምታወራ። እኔም ቤቱ ነፍስ አለው ብዬ አምን ነበር። በኋላ የሆነውን ሳይ ብዙም ያልገረመኝ ለዚህ ነው።

አንድ ጠዋት የኩባንያው መሐንዲስ ከካቦ ታደሰ ጋር ዳገቱን ወጣ። ፈረንጅ ነው፣ ረጅም፣ አንገቱ በፀሐይ የተላጠ። ኮምፓስ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ወረቀት ዘረጋ፣ ኮምፓሱን አየ፣ ተራራውን አየ፣ ከዚያ ካቦውን አንድ ነገር አለው። ካቦው በነጭ ቀለም የገነሜ በር ላይ ቁጥር ጻፈ። ከታች ሰው ስለጠራቸው ሳያስረዱን ተመልሰው ወረዱ።

ገነሜ ቁጥሩን ስታየው ዋለች። ጎረቤቶችም መጡ። ማንም ማንበብ አይችልም፣ ግን ሁሉም ገባው፤ ካምፑ ውስጥ ቁጥር ያለው ቤት ሁሉ ቧንቧ ይገባለታል። ቁጥር የሌለው ከወንዝ ይቀዳል። እንግዲህ ለገነሜ ውሃ ሊያስገቡላት ነው ማለት ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። ጎረቤታችን ሀሜሶ ግን ቅር አለው።

«ለእሷ ብቻ ለምን? እኔ ሰው አይደለሁም?» አለ። ኖራ በጥብጦ መጣና የገነሜን ቁጥር እያየ የራሱ በር ላይ ገለበጠው። እጁ ወፍራም ነው፤ ሲጨርስ ቁጥሩ የሰከረ ሰው ይመስል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ካቦ ታደሰ ብቻውን መጣ። የሸዋ ሰው ነው፤ ሲዳምኛ አይሰማም፣ ገነሜ አማርኛ አትሰማም። መሀል የቆምኩት እኔ ነኝ።

«ቀዮ፣ ይሄ ቁጥር የውሃ አይደለም በያቸው» አለኝ። «የሚፈርስ ቤት ምልክት ነው። ቁፋሮው እዚህ ድረስ ሊመጣ ነው። ሰኞ ቦታው ባዶ መሆን አለበት። ካምፕ ውስጥ ቤት ይሰጣቸዋል።»

እንዳለው ነገርኳት። አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨመርኩ፤ «ይቅርታ ብሏል» አልኳት። አላለም ነበር።

ገነሜ ቁጥሩን ዞር ብላ አየችው። «ቆርቆሮ ሥር አልገባም በይው። ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ።»

ወንድሟ ያለው ከጋራው ማዶ፣ ከዚያኛውም ጋራ ማዶ ነው። እዚያ የሄደ ሰው ሲመለስ ልጁ አድጋ ነው የሚያገኛት። ይህን አልተረጎምኩም።

«ምን አሉ?» አለኝ ካቦው።

«እያሰበች ነው» አልኩት።

የዚያን ዕለት ገነሜ ዕቃ መሸከፍ ጀመረች። ወተት መናጫዋን ከግድግዳው ስታወርድ፣ እዚያ የተሰቀለበት ቦታ ላይ ያልቀላ የቀርከሃ ክብ ቀረ። ያን ክብ ሳይ ነው መሄዷን ያመንኩት። ከእንግዲህ ዳገቱን ወጥቼ ማንን ነው የማየው?

አባቴ መጣና ተቀመጠ። ከዚያ ሀሜሶ ሮጦ ገባ። «የእኔም ሊፈርስ ነው? እኔ እኮ ራሴ ነኝ የጻፍኩት!»

ገነሜ እየሸከፈች ሳለ ሳቀች። አባቴም ሳቀ። ሀሜሶ የእሱ ቤት ከቁፋሮው መስመር ውጭ እንደሆነ ሲነግሩት ነፍሱ ተመለሰችና ቁጭ አለ። «ታዲያ ገነሜ፣ ቤቱን ለምን ጥለሽ ትሄጃለሽ?» አላት። «ምስጥ የገባበት ጊዜ አንስተን ፈቀቅ አድርገነው የለም?»

እኛ አገር እንደዚያ ነው። ቤት ቦታው ካልተስማማው ወንዶች ተሰብስበው ከነሙሉ አካሉ ያነሱታል።

«ያኔ ሰው ነበረ» አለ አባቴ። «አሁን ሰው ሁሉ የኩባንያው ነው። ከሥራ ማን ይለቀዋል?»

አባቴ ይዞኝ ካቦ ታደሰ ጋ ወረድን። ካቦው ነገሩን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «ቤት ተሸክማችሁ?» አለ። ሁለት ጊዜ አስደገመን። በመጨረሻ «ከሥራ ሰዓት አንድ ሰው አልለቅም። እሑድ ግን የራሳችሁ ነው። እሑድ እኔ ዓይኔ ደህና አያይም» አለን።

እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ መንደሩ ሁሉ መጣ። ከካምፑም መጡ፤ የወላይታ ልጆች፣ ሁለት የሸዋ ሹፌሮች፣ ጉራጌው ባለሱቅ ሳይቀር። የቤቱን እግር ዙሪያውን ቆፍረው ነቀሉ፣ ረጃጅም ቀርከሃ ከውስጥ አግድም አሰሩ። ግማሹ ወንድ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ ውጭ ቆመ። ላሟ ቀድማ ተነዳች። ገነሜ የምድጃዋን ፍም በገል ይዛ ከኋላ ቆመች፤ እሳቱን ለማንም አልሰጠችም።

«አንቺ ፊት ሂጂ» አለችኝ። «ውስጥ ያሉት መንገዱን አያዩም። ዓይናቸው አንቺ ነሽ።»

ቤቱ ሲጥ አለና ተነሳ። ከሥሩ ብዙ እግር ወጣ። እኔ ከፊት ሆኜ «ድንጋይ! ወደ ቀኝ! ቦይ አለ!» እያልኩ ቁልቁል መራሁት። ዘወር ብዬ ሳይ የገነሜ በር ከነቁጥሩ እየተከተለኝ ነው። የተከተለኝ ስለናፈቅኩት መሰለኝ። እውነቴን ነው፤ ያን ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነበር የማምነው።

ከመስመሩ በታች አሳርፈው ሊተክሉት ሲሉ ክርክር ተነሳ። ወንዶቹ በሩ ከነፋሱ ጀርባ ይሁን አሉ። ገነሜ አልሰማችም።

«በሩ ወደ ካምፑ ይዙር። ልጅቷ ከምትመጣበት።»

«ብርድ ይገባብሻል» አላት አባቴ።

«ይግባ። እደርባለሁ።»

ሰኞ መሐንዲሱ መጣ። ቤቱ የነበረበትን ቦታ አየ፤ የለም። ወረቀቱን አየ፣ አለ። ቁልቁል ሲያይ ያው ቁጥር ሁለት ቤት ላይ ተጽፏል፤ አንዱ የገነሜ፣ አንዱ የሀሜሶ፣ ሁለቱም ከመስመሩ ውጭ። ወረቀቱን ገለበጠ። ኮምፓሱን አራገፈ፣ ጆሮው ላይ ሁሉ አደረገው። ከዚያ ለካቦው ረጅም ነገር አወራ። ካቦ ታደሰ መሬት መሬት እያየ ይሰማዋል።

«ምን አለ?» አለች ገነሜ።

ካቦውን ጠየቅኩት። «ተራራው ውስጥ ያለው ብረት የኮምፓሱን መርፌ ጎትቶ አሳሳተኝ ነው የሚለው» አለኝ። ፊቱን እንደ ድንጋይ አድርጎታል፣ ጢሙ ግን ይንቀጠቀጣል።

«ተራራው ዋሸኝ እያለ ነው» ብዬ ለገነሜ ነገርኳት።

«ምስኪን» አለች። «ወተት ይጠጣል ወይ በይው።»

ጠጣ። ከንፈሩ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ሲሄዱ ካቦ ታደሰ ወደ ኋላ ቀርቶ «እማማ፣ ይሄ ሰው ሞኝ አይደለም። ሁለተኛ አይሆንም» አለ። ይህንንም ተረጎምኩላት። ራሷን ነቀነቀች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ወዴት ሄድኩ? አዎ፣ ያ በጋ ደስ የሚል ነበር። ገነሜ ቀረበችኝ፤ ዳገቱ አጠረ። ቤቱን ልጆቹ «ሂያጁ» ብለው ስም አወጡለት። ሳያቸው በኩራት ነበር የማልፈው፣ ፈረስ እንዳለው ሰው።

ግን ቁፋሮው አልቆመም። ሰፋ። መሐንዲሱ እንደገና ወረቀቱን ይዞ መጣ። በሩ ላይ የነበረው ቁጥር አልደበዘዘም ነበር፤ ካቦው ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ አሰመረበት። ዶዘሩ ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገረን። ቅዳሜ። እሑድ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ቅዳሜ ግን ወንድ ሁሉ ተራራው ላይ ነው።

አባቴ ካቦውን ለመነ። ካቦው «የእኔም እንጀራ ነው» አለ፣ እውነቱን ነው። ገነሜ እንደገና ወተት መናጫዋን አወረደች። ዓርብ ማታ ስትሸክፍ እኔ ከኋላዋ ሆኜ የሸከፈችውን እፈታለሁ። አየችኝ፣ ግን አልተቆጣችኝም። ጎኗ አስቀመጠችኝና «ወንድሜ ጋ ቀርከሃው ከዚህ ይበልጣል» አለችኝ። የቀርከሃ ትልቅነት ምን ያደርግልኛል?

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ከካምፑ ወጣች። እናቴ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ከአማቷም ጋር ብዙ አያወሩም ነበር። የታጠበውን ልብስ ሳታሰጣ እርጥቡን ቅርጫት ውስጥ ትታ ነው የመጣችው። ከኋላዋ ቧንቧው ላይ የሚሰለፉት ሴቶች ሁሉ ነበሩ፤ የወላይታዎቹ፣ የሹፌሮቹ ሚስቶች፣ የክሊኒኩ አጽጂ።

ገነሜ ከበሯ ሆና አየቻቸው። «ምን ሆናችሁ?»

«ቤቱን እናነሳዋለን» አለች እናቴ።

«ሴት ቤት አታነሳም።»

«አዎ፣ አታነሳም» አለች እናቴ፣ መቀነቷን እያጠበቀች። «ተነሺ እንግዲህ፣ እሳትሽን ያዢ።»

ሀሜሶ ብቻ ነበር ወንድ፤ እግሩን አሞት ከሥራ ቀርቶ። ዙሪያውን ቆፈረላቸው፣ ማሰሪያውን አሳያቸው፣ ከዚያ እዚያው ቆሞ ይቆጣ ጀመር። «ወደ ግራ ነው እንጂ! እናንተ ሴቶች!»

«ሀሜሶ፣ አፍህን ይዘህ አንድ ጫፍ ያዝ» አለችው የክሊኒኩ አጽጂ። ያዘ።

ቤቱ ሲጥ አለ። አልተነሳም። እንደገና ሲጥ አለ። እናቴ ከውስጥ ድምፅ አወጣች፤ መዝሙር ነው፣ እሑድ ጸሎት ቤት የምንዘምረው፣ ግን ሥራ እንዲሆን አድርጋ ቆራረጠችው። ሌሎቹ ተቀበሏት። የማያውቁት ሳይቀሩ «እህ» እያሉ ተቀበሏት። ቤቱ ብድግ አለ። እኔ ፊት ወጣሁ። «ድንጋይ! ጭቃ! ቀስ!»

ከካምፑ በላይ ባለው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ዶዘሩ ሽቅብ መጣ። ከፊቱ የመሐንዲሱ መኪና ነበረች። መንገዱ ጠባብ ነው። እኔ መሀሉ ላይ ቆምኩ፤ ከኋላዬ ቤቱ ቆመ። መሐንዲሱ ከመኪናው ወረደ። በሩን አየ፣ ቁጥሩን አየ። ጎንበስ አለና ከቤቱ ሥር አየ፤ የሴት እግር ነው ሁሉ፣ ቀሚስና ጭቃ።

 አንድ ቃል ቢናገር ገነሜ ወንድሟ ጋ መሄዷ ነው።

መሐንዲሱ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ኮምፓሱን ከአንገቱ አውልቆ አየው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ወደ ካቦ ታደሰ ዞርኩ፤ ካቦው ጀርባውን ሰጥቶኛል። መሐንዲሱ ቀና ሲል እንባው በቀይ አቧራው ላይ ሁለት መስመር ሠርቷል፣ ግን እየሳቀ ነበር።

ከቤቱ ውስጥ እናቴ «ምንድነው የቆምነው? ክንዳችን ወለቀ» ስትል መሐንዲሱ ምን እንዳለች ካቦውን ጠየቀው። ካቦው እኔን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ እሱም ነገረው። መሐንዲሱ ተነሳ፣ ለዶዘሩ ሹፌር እጁን አወዛወዘለት። ዶዘሩ ወደ ኋላ ሄደ። መኪናዋም ወደ ኋላ ሄደች። እኔ «ቀጥታ!» ብዬ ጮህኩ፤ ቤቱ ተከተለኝ።

በዚያ ጊዜ ያረፈው ከእኛ ቆርቆሮ ቤት አጠገብ ነው። በሩን ማንም ምንም ሳይል ወደ እኛ አዞሩት። ወንዶቹ ከሥራ ሲወጡ ቤቱን እዚያ አግኝተው አፋቸውን ያዙ። አባቴ ዙሪያውን ዞረው። «እኛ ስናነሳው ከብዶን ነበር» አለ።

«እናንተ እያወራችሁ ስለሆነ ነው» አለች ገነሜ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷና እናቴ ይነጋገሩ ነበር። እንዲያውም አላቆሙም።

ክረምት ሲገባ መንገዱ ተናደ። መኪኖቹ ቆሙ። አባቴ እንዳለው ብረቱ ጥሩ ነበር፣ መርከብ ላይ የሚጫንበት ባሕር ነው የራቀው። እኔ ደግሞ ተራራ የሌላቸው ሰዎች በቃን ብለዋል አልኩ። ኩባንያው ቆርቆሮውን ይፈታ ጀመር። ብሎኑ እየተፈታ፣ ከተማው ከዳር እየተጠቀለለ መጣ። የእኛ ተራ ሲደርስ እናቴ ጎመን ጥዳ ነበር፤ ጣሪያው ሲነሳ ዝናቡ ድስቱ ውስጥ ገባ። ድስቱን ይዛ ገነሜ ቤት ገባች፣ አባቴ ፍራሹን ተሸክሞ ተከተላት። ገነሜ ቦታ ለቀቀችላቸው። «ግቡ፣ ግቡ። እዚህ ቤት ውስጥ ማንም አይጮህባችሁም» አለች።

መሐንዲሱ ሊሰናበት የመጣ ቀን ቤቱ አንድ ጊዜ ለመጨረሻ ተነሳ። ሜዳው ሁሉ ባዶ ስለሆነ ገነሜ የምትፈልገውን መረጠች። ካምፑ መሀል፣ ቧንቧው አጠገብ። ቧንቧውን ነቅለው ሊወስዱት አልቻሉም ነበር፤ ምንጩ ከላይ ስለሆነ ዝም ብሎ ይፈሳል። ወንድም ሴትም አነሳ። መሐንዲሱም ኮፍያውን ጥሎ አንድ ቀርከሃ ሥር ገባ። ቁመቱ ስለረዘመ ቤቱን በእሱ በኩል አዘመመው፤ «ዝቅ በል በለው!» እያልኩ ካቦው ላይ እጮህ ነበር።

ቤቱ ሲያርፍ በሩ ላይ ያለው ቁጥር ደብዝዞ ነበር፣ ግን ይታያል። ሀሜሶ አየው፣ ቧንቧውን አየ። «አላልኳችሁም?» አለ። «ቁጥሩ የውሃ ነው።»

ዛሬ እዚያ ብትሄዱ ከተማ እንደነበረ የሚነግራችሁ አንዲት ቆርቆሮ አታገኙም አሉ። ተራራው በአንድ ጎኑ ተነክሷል፣ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ቀይ ኩሬ ሆኗል። ተራራው የት እንደሄደ ግን እኔ አውቄያለሁ። አባቴ መጀመሪያ ሀዋሳ ይዞኝ የመጣ ቀን፣ ሜዳው መሀል የታቦር ተራራ ብቻውን ቆሞ ሳየው ቀጥ ብዬ ቀረሁ። «አባዬ፣ እዚህ ነው የተከሉት?» አልኩት። አባቴ ገብቶት እንደሆነ አላውቅም። ትንሽ አሰበና «አዎ፣ ይዟል» አለኝ።

«እማዬ» አለኝ ዮናስ፣ ትከሻዬን ይዞ። «ምን ሆነሻል? የትኛው ይሁን?»

በያጁ በሮቹን አሳየኝ። አንዱ ሙሉ ላሜራ ነው፣ ወፍራም፣ አበባ የተበየደበት። ዮናስ እሱን ወዶታል። «ማንም ወደ ውስጥ አያይም» አለኝ።

«ሕይወት ከትምህርት ቤት ስትመጣ ከየት በኩል ነው የምትመጣው?» አልኩት። ሕይወት የእሱ ልጅ ናት።

«ከአስፋልቱ በኩል ነዋ። ለምን?»

«በሩስ ወዴት ነው የሚዞረው?»

«ወደ አስፋልቱ።»

ደህና። በያጁን ወንበሩን እንዲያመጣልኝ ነገርኩት። አመጣልኝ፣ ላሜራው በር ፊት ተቀመጥኩ፣ እጄን ዓይኔ ልክ አድርጌ በሩ ላይ አኖርኩ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ቁረጥልኝ» አልኩት። «እዚህ ፍርግርግ ይግባበት። የተቀመጠ ሰው መንገዱን የሚያይበት ያህል።»

በያጁ ጠመኔ አወጣና እጄ ባለበት ምልክት አደረገ። ዮናስ እኔንም ምልክቱንም አየ፤ ፊቱ በራ።

«ፍርግርጉ ሰፋ ይበል» አልኩ። «ገበቴ አንስቼ ባሳያት የምታየኝ ያህል።»